«በልቻለሁ» ያሉት ሰማንያ ስድስት ልጆች

ጥቅምት 6

ወንድሜ ሆይ፣

እንደ ልማዴ «ከናፍቆትህ በቀር ምንም አልጎደለብንም» ብዬ ልጀምር ብዕር አንስቼ ነበር፤ አልሆነልኝም። ዘንድሮ ከናፍቆትህ ሌላ የጎደለ ነገር አለ። አስቀድሜ ግን አንተ እንዴት ነህ? ሳሉ ለቀቀህ ወይ? የቢሮዬ መስኮት አይከፈትም ብለኸኝ ነበር። ኧረ ወጣ በልና ንፋስ አግኝ አንተ ልጅ!

ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ስደውል «አንዴ ቆይ እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ትላለህ። ደብዳቤን ስብሰባ ላይ ነኝ አይሉትም።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። አዎ፣ የልጆቹ ቤት እስከ ዛሬ ክፍት ነው፤ ያው ከስፌት ቤቴ ጀርባ ያለው መጋዘን። አናጢው ከአሮጌ በሮች ሦስት ረጃጅም ጠረጴዛ ሠርቶልናል፤ አንዱ ላይ የቁልፉ ቀዳዳ እንዳለ ነው፣ ልጆቹ በዚያ አሾልከው ሲተያዩ ይሳሳቃሉ። እናቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ይመጣሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ወተቱ ይፈላል፣ ዳቦው ይቆረጣል፣ ሰማንያ ስድስት ልጅ በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ዱቄቱና ወተቱ ከመንግሥት፣ ጉልበቱ ከእኛ፤ ስምምነቱ ይኸው ነበር። ትምህርት በተከፈተበት ቀን ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ አላስተጓጎልንም።

ትናንት ከአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ወረቀት መጣ። «በተደረገው ጥናት በሰፈሩ የቁርስ ችግር ያለበት ሕፃን ስላልተገኘ ድጋፉ ከኅዳር 1 ጀምሮ ይቋረጣል» ይላል። አፌን በዳቦ!

ጥናቱ ሲደረግ እዚያው ነበርኩ። ትምህርት ሳይከፈት፣ የእኛም ቤት ለዕረፍት ተዘግቶ ሳለ አንዲት ባጅ ያንጠለጠለች ልጅ መጣች። አትቀየምባት፣ ጨዋ ልጅ ናት። ደጃፌ ላይ ወንበር ሰጠኋትና ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራች ጠየቀቻቸው። ጥያቄ አራት «ዛሬ ጠዋት ቤትህ ቁርስ በልተሃል?» የሚል ነው። «በልቻለሁ።» «በልቻለሁ።» ሰማንያ ስድስቱም! የጎረቤቴ የአጣቢዋ ትንሿ ልጅ፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁት፣ ተራዋን ስትጠብቅ ሁለት ጊዜ ሄዳ የቧንቧ ውሃ ስትጠጣ በዓይኔ አይቻታለሁ። ራብ ሲይዛቸው ነው እንደዚያ የሚጠጡት። እሷም «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» አለች።

አንተ ጥናቱን ያዘዘው ሚኒስቴር ውስጥ ነህ። ይህን ጥያቄ የጻፈውን ሰው ስም ፈልግልኝ። የምለው አለኝ።

እህትህ

———

ጥቅምት 14

ለውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሳሌ ተሽሎኛል፣ አትጨነቂ።

ስለ ውሳኔው አዝኛለሁ። ሆኖም መጠይቁ በዘፈቀደ የተዘጋጀ አይደለም፤ በሦስት ቦታ ተሞክሮ በኮሚቴ የጸደቀ ነው። የኮሚቴ ሥራ ስለሆነ የአንድ ሰው ስም ለይቶ መስጠት አይቻልም። ቤቱ ተዘግቶ ሳለ መጠየቃቸውም ሆን ተብሎ ነው፤ ልጆቹ በየቤታቸው የሚያገኙትን ለማወቅ።

መመሪያው ቅሬታ ለማቅረብ ስልሳ ቀን ይሰጣል። የምመክርሽ፣ እያንዳንዷ እናት «ልጄ ቤት ውስጥ ቁርስ አያገኝም» የሚል ማመልከቻ ትፈርም። ሰማንያውም ባይሞላ አርባ ፊርማ ይበቃል። አደራ፣ በቁጣ ቃል አትጻፊ። እዚህ ቁጣ ያለበት ወረቀት ከሥር ነው የሚቀመጠው።

ለአናጢው ሰላም በዪልኝ።

ወንድምሽ

———

ጥቅምት 21

ወንድሜ፣

ምነው እንዲህ ኮስተር ያለ ደብዳቤ ጻፍክልኝ? ሳነበው ማኅተም ፈለግኩበት። «መመሪያው»፣ «ሆኖም»... ኧረ እኔ እኮ አፍንጫህን የጠረግኩ እህትህ ነኝ!

ማስፈረሙ እንዴት ሆነ ላልከው፣ አልሆነም። እሁድ ከሰዓት እናቶቹን ሰበሰብኩና ወረቀቱን አነበብኩላቸው። «ልጄ ቁርስ አያገኝም» የሚለው ላይ ስደርስ አጣቢዋ ብድግ አለች። ታውቃታለህ፣ ፊት ለፊቴ የሆቴል አንሶላ የምታጥበዋ፤ ክንዷ የአናጢውን ክንድ ያህላል። «እኔ ልጄን ራብተኛ ብዬ ልፈርም? ነገ ተምራ ሰው ስትሆን ይህ ወረቀት ቢወጣባትስ? ሞቼ ነው ቆሜ!» ብላ ወጣች። እሷን ተከትለው ሌሎቹም ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ሦስት ፊርማ ብቻ ቀረልኝ፣ አንዱ የራሴ። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም።

በማግስቱ ትንሿን ለብቻዋ ያዝኳትና «የኔ ቆንጆ፣ ያን ቀን ሳትበዪ ለምን በልቻለሁ አልሽ?» አልኳት። ይህም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። «እማዬ ሰው ሲጠይቅሽ በልቻለሁ በዪ ብላኛለች። ያቺ ሴትዮ ደግሞ ዘመዳችን አይደለችም» አለችኝ።

እንግዲህ ፍረድ። ልጅቷ አልዋሸችም፤ የጨዋ ልጅ ሆና ነው የመለሰችው። እኛስ ማን ሆነን አደግን? እናታችን ሰው ቤት ልብስ ስትተኩስ ይዛን ትሄድ የለም? እመቤቲቱ ዳቦ ስታቀርብልን እናታችን ከካውያው ላይ ቀና ብላ በዓይኗ ብቻ ትናገረን ነበር። አንተ ሰባት ዓመትህ ነው፤ ዓይንህን ከዳቦው ሳትነቅል «በልቻለሁ» ትል ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ታለቅሳለህ፣ እኔ አዝልሃለሁ።

የሰው ፊት እሳት መሆኑን የማያውቅ ሰው ነው ጥያቄ አራትን የጻፈው። እናት ያላሳደገችው ሰው ነው። ስታገኘው እንዲህ ብላሃለች በልልኝ።

እህትህ

———

ጥቅምት 29

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ባለፈው ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ጥያቄ አራትን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ኮሚቴ የሚባለው እኔና አንድ ቡና የሚወድ ባልደረባዬ ነን፤ እሱ ሠንጠረዡን ሠራ፣ ጥያቄዎቹ የኔ ናቸው። እንዴት ቻልክ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የዱሮውን የእርዳታ እህል ዝርዝር ታስታውሻለሽ? አለቆቹ የዘመዶቻቸውን ስም ሞልተው እኛን የዘለሉንን? ስማችን ሳይጠራ ቀርቶ እናታችን ባዶ ከረጢቷን አጥፋ ብብቷ ሥር ስትከት አይቻለሁ። እና አዋቂ ይዋሻል፣ ልጅ አይዋሽም ብዬ ልጁን ራሱን እንጠይቅ አልኩ። ስጽፈው ኮርቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። የራሴን አፍ ረስቼ!

አሁን ምን ታደርጋለህ ለምትዪኝ፣ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ጥናቱ በአገር ደረጃ ቀርቧል። «ቁርስ የሚያገኙ ሕፃናት ቁጥር ጨምሯል» ተብሎ ተጨብጭቦለታል። እኔም የክፍሉ ኃላፊ ልሆን ሹመቴ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። አሁን ተነስቼ ጥያቄው ስህተት ነው ብል የሚወድቀው የእኛ ሰፈር ቁጥር ብቻ አይደለም። ለሚቀጥለው ዓመት በጸጥታ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያ ድረስ በአውቶቡስ አራት ካርቶን የዱቄት ወተት ልኬያለሁ።

ይቅር በዪኝ። ስድቡ ይገባኛል፣ እናታችንን ግን አትንኪብኝ።

ወንድምሽ

———

ኅዳር 12

ወንድሜ፣

ወተቱ ደርሷል። በእልህ ልመልሰው ነበር፤ ግን ወተት በእልህ አይመለስም፣ ልጆቹ ጠጥተውታል። ምስጋና ግን አልጽፍልህም።

እናታችንን በመንካቴ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሷ አሳምራ ነው ያሳደገችህ፤ የረሳኸው አንተ ነህ። ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ማሽኑ ላይ ተቀምጬ አንድ ሱሪ መጨረስ አቃተኝ። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ከዚያ ተናደድኩ፣ ንዴት ይሻለኛል።

«ለሚቀጥለው ዓመት» አልክ። ዘንድሮ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስቀምጠው ሆድ አለው እንዴ? ምሁሩ፣ እስቲ ንገረኝ!

ኅዳር 1 ድጋፉ ቆመ። እኛ አልቆምንም። ዳቦ ጋጋሪው ያደረ ዳቦውን ይሰጠናል፣ ምስር ሾርባ ከየቤቱ እያዋጣን እንሠራለን፤ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚዘልቀው። ሰው አዘነልን ብለን ዝም አንልም። የልጅ ቁርስ የመንግሥት ግዴታ ነው የሚል መመሪያ ያወጣችሁት እናንተ፤ እኛ የጻፋችሁትን ነው የጠየቅነው።

ደግሞ የራሳችንን ጥናት አድርገናል። እንዴት ብለህ አትሳቅ። እኔ ሰፊ ነኝ፣ የሰው ኑሮ የሚታየኝ በልብሱ ነው። የልጆቹን የደንብ ልብስ ስጠግን ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ የሚገባኝ ነገር ነበር። የልጅ ልብስ ቀድሞ የሚቀደደው ጉልበቱ ላይ ነው፤ የእነዚህ ግን ኪሳቸው ነው። አሁን ገበሩን ገልብጬ አየሁት፤ የዳቦ ፍርፋሪ። ግማሽ ዳቦ በማይችል ኪስ ግማሽ ዳቦ እየጠቀጠቁ ቤት ለቀሩት ታናናሾቻቸው ይወስዳሉ።

ስለዚህ ማንንም አልጠየቅንም። ዳቦውን ሰጥተን ዝም ብለን አየን። በስድስት የምግብ ቀን ውስጥ ከሰማንያ ስድስቱ ሃምሳ አንዱ ግማሹን ኪሳቸው ከተዋል። የልጆቹ መምህር በበኩሉ ቁርስ ባለበትና በሌለበት ቀን ስንት ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግንባሩን ጠረጴዛ ላይ እንደሚደፋ መዝግቧል። ስም የለበትም፤ ማንም ልጁን አላዋረደም። ሌላው ቀርቶ አጣቢዋ ስትሰማ «ይሄስ ይሁን፣ እኔም እመጣለሁ» አለች።

ቅሬታችን ኅዳር 19 ይሰማል ተብለናል፣ እዚያው እናንተ ሕንፃ ውስጥ። አምስት ሆነን እንመጣለን። ከጠረጴዛው በየትኛው ወገን እንደምትቀመጥ የምታውቀው አንተ ነህ።

እህትህ

———

ኅዳር 22

ወንድሜ፣ የኔ ጌታ፣

ሳልሰናበትህ በመሄዴ አትቀየመኝ። አውቶቡሱ እየጮኸ ነበር፣ ሴቶቹም ቀድመውኝ ገብተው ነበር። ደግሞ ቢሮ ውስጥ ማልቀስ አልፈለግኩም፤ ስብሰባ ላይ ነበርን።

«አትምጪ» ብለህ የላክኸው መልእክት ደርሶሽ ነበር ወይ ላልከው፣ ደርሶኝ ነበር። ትኬቱን የቆረጥኩት ከደረሰኝ በኋላ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ተሸንፈናል ብዬ ነበር። ያ ባለ መነጽሩ ሰብሳቢ የኪሱን ነገር ሰምቶ «ይሄ የሰፊ ወሬ ነው፣ ጥናት አይደለም» አለ። ከዚያ ወደ አጣቢዋ ዞሮ «እርስዎ ይንገሩን እስቲ፣ ልጅዎ ቁርስ ትበላለች?» አላት። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «ተመስገን፣ ትበላለች» አለች! እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ሲከድን አየሁት።

ያኔ ከማዶ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። አንተ ቆመሃል። የተናገርከውን አንተ ልትረሳው ትችላለህ፣ ደንግጠህ ነበርና፤ እኔ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ሳለ እናቴ በምትሠራበት ቤት ዳቦ ሲያቀርቡልኝ በልቻለሁ እል ነበር። አልበላሁም ነበር። ያኔ መጥታችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ እኔንም ጠግቧል ብላችሁ ነበር የምትጽፉኝ። ሴትዮዋም አሁን የነገሩን ያንኑ ነው።» ሰብሳቢው ተቀመጥ አለህ። አልተቀመጥክም። ሁለተኛ ተቀመጥ አለህ። አሁንም አልተቀመጥክም። እሰይ የኔ አንበሳ!

አውቶቡሱ ግማሽ መንገድ ሲደርስ አጣቢዋ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድምሽ አላፈረም?» አለችኝ። አፍሯል፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር አልኳት። «አፍሮ ነው የተናገረው?» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረችና ማልቀስ ጀመረች። ስንደርስ ያንን ያልተፈረመ ማመልከቻ ጠየቀችኝና ፈረመች። ዛሬ ጠዋት ስልሳ አንድ ፊርማ ደርሰናል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነው። ከወጣን በኋላ ምን አሉህ? እንዳትደብቀኝ።

እህትህ

———

ኅዳር 29

እትዬ፣

እንኳን መጣሽ። ይህን ፊት ለፊት ልልሽ ነበር፣ አውቶቡሱ ቀደመኝ።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልጻፍልሽ። ቅሬታችሁ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ዱቄቱና ወተቱ በሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ስልሳ አንዱ ፊርማ ሲመጣ ባለ መነጽሩ ሰውዬ ደጋግሞ ቆጠረው አሉ።

የማያስደስተው፣ የተመለሰው ለእናንተ ሰፈር ብቻ ነው። በዚያው ጥያቄ፣ በዚያው መልስ የተቋረጠባቸው ሌሎች አርባ አንድ ሰፈሮች አሉ። እነሱ ቅሬታ አላቀረቡም፤ ብዙዎቹ ቅሬታ ማቅረብ እንደሚቻልም አያውቁም። ወረቀቱ ዘግይቶ ጥቅምት 15 ስለደረሳቸው የቅሬታቸው ጊዜ የሚያበቃው ታኅሣሥ 15 ነው። ጥያቄ አራት ይሰረዝ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሪፖርቱ ታትሟል» ተባልኩ። ወተቱን ሲያመጡላችሁ «ቅሬታችን ሙሉ በሙሉ ተፈቷል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ያስፈርሙሻል። ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

የኔን ነገር አትደብቀኝ ብለሻል። ሹመቱ ቀርቷል። ከጥናት ክፍሉም አንስተው መዝገብ ቤት፣ ምድር ቤት መድበውኛል። እዚህ ጨርሶ መስኮት ስለሌለ አይከፈትም ብዬ አላማርርም። ተጸጽተሃል ወይ እንዳትዪኝ፤ አልተጸጸትኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ በጉሮሮዬ የያዝኩትን ነገር የተፋሁ ያህል ቀለል ብሎኛል።

ወንድምሽ

———

ታኅሣሥ 4

ወንድሜ፣

ምድር ቤት ከሆንክ ሹራብ ያስፈልግሃል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ክንዱ ከረዘመብህ እጠፈው፣ ድሮም ክንድህ አጭር ነው።

ወተቱ ሰኞ መጣ። ሹፌሩ «ሳይፈረም አላወርድም» አለ። ወረቀቱን አነበብኩት፣ እንዳልከው ነው። «ተፈቷል፣ ተዘግቷል።» አልፈርምም አልኩ። የተቀበልነውን ካርቶን ቆጥሬ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ፤ ተዘግቷል ለሚለው ግን እጄ ይቆረጥ። ሹፌሩ ወደ አለቆቹ ሊደውል ሲል አጣቢዋ የመኪናውን ጀርባ ከፍታ ወጣች። «ፊርማው የናንተ፣ ወተቱ የልጆቹ!» ብላ ካርቶን ማውረድ ጀመረች። አናጢው ተቀበላት፣ ዳቦ ጋጋሪው ከአናጢው ተቀበለ። ሹፌሩ ስልኩን ኪሱ ከተተና «በሉ እሺ፣ ከባዱን ለኔ ተዉት» ብሎ ራሱ ተሸከመ። ደግ ሰው ነው። ዳቦ በልቶ ሄደ።

ማክሰኞ እናቶቹ ተሰብስበው ስለ አርባ አንዱ ሰፈር ነገርኳቸው። የኛ ተመልሷል፣ ምን አገባን የሚል ይኖራል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዲትም አላለች። የኪሱን ነገር እያንዳንዱ ሰፈር ሄደን እናሳያለን ተባባልን። ማመልከቻ አጻጻፉን፣ ስልሳ ቀኑን፣ ልጅ ሳያዋርዱ መቁጠሩን ሁሉ። ከዚያ አርባ ሁለት ሰፈር ሆነን በአንድ ቀን እንመጣለን። ያን ጊዜ ወንበር የሚበቃቸው እንደሆነ እናያለን።

ችግሩ የት እንደሆኑ አናውቅም። ስማቸውና አድራሻቸው አንተ ያለህበት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሕጉ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል፣ መምህሩ አንብቦልኛል፤ ግን ሕግ የሚለውና አለቃ የሚለው ለየቅል መሆኑን አንተም እኔም እናውቃለን። ያለችህንም ሥራ ሊያሳጣህ ይችላል። እምቢ ብትለኝ አልቀየምህም፣ ማርያምን! ያደረግከው ይበቃል። በሌላ መንገድ እንፈልጋቸዋለን። ብቻ የመሰለህን በቶሎ ጻፍልኝ፤ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን።

እህትህ

———

ታኅሣሥ 7

እትዬ፣

ሹራቡ ልክ ነው፣ ክንዱም አልረዘመም።

አርባ አንዱም ከዚህ ጋር ታጥፈው ተልከዋል፤ ሰፈሩ፣ ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ቤት፣ የቤቱ ኃላፊ ስም። በእጄ ጽሑፍ ነው የገለበጥኳቸው፣ ጽሑፌን እዚህ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ከሥሩም ፈርሜበታለሁ።

ዝርዝሩን ማን ሰጣችሁ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ኮሚቴ ነው እንዳትዪ፣ አላውቅምም እንዳትዪ። ወንድሜ ነው በያቸው።